ወንበሩ ያስተማረው ሰው



በየቤታችን ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲወራ ጨዋታው ዘወትር የሚያልቀው በአንድ ፍርድ ነው፤ «ሰው ጠፋ!» እንላለን። ፋይሉ ጠፋ ያለንን ጸሐፊ፣ ሦስት ቀን ያመላለሰንን ባለሙያ፣ በሥራ ሰዓት ቢሮውን ዘግቶ የሄደውን ኃላፊ ሁሉ በዚህች ቃል ጠቅልለን እንፈርድበታለን። ኢማኑ የደከመ፣ አስተዳደጉ የተበላሸ ሰው ነው ብለን ወደ ቤታችን እንመለሳለን።

ነገሩ ግን በዚህ አያልቅም። ለመሆኑ ያ ጸሐፊ የማን ልጅ ነው? የእኛው ልጅ ነው። ቁርኣን ያስቀራነው፣ «የሰው ሐቅ አትንካ» እያልን ያሳደግነው፣ ሥራ ባገኘ ዕለት ሰብሰብ ብለን ዱዓ ያደረግንለት ልጅ ነው። ከቤታችን ሲወጣ ደህና የነበረው ልጅ ከአምስት ዓመት በኋላ ባለጉዳይ የሚያማርረው ሰው ሆኖ የሚገኘው ለምንድን ነው? በመካከል ምን ነካው?

በዚህ ጽሑፍ ለማለት የምንፈልገው ይህን ነው፤ መሥሪያ ቤት ራሱን የቻለ መድረሳ ነው። የራሱ ኡስታዞች፣ የራሱ ትምህርት፣ የራሱ ፈተና አለው። ሠራተኛው እንዴት እንደሚሠራ በአብዛኛው የሚወስነው በደንብ መጽሐፍ የተጻፈው ቃል ሳይሆን በዚያ ቤት ሲኖር የቆየው ልማድ ነው። ልማዱን ሳይነኩ ሰውየውን ብቻ መውቀስም ሆነ አዋጁን ደጋግሞ መለወጥ ውኃ እንደ መውቀጥ ነው።

ይህ አዲስ አስተሳሰብ አይደለም። ታላቁ የታሪክ ሊቅ ኢብኑ ኸልዱን በ1377 እ.ኤ.አ. በጻፈው «ሙቀዲማ» ሰው ከተፈጥሮው ይልቅ በለመደው ነገር እንደሚቀረጽ አስረድቷል። አባቶቻችንም ከአህያ ጋር ስለዋለችው ጊደር የሚተርቱትን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ያልተጻፈው ደንብ

በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ለአዲስ ተቀጣሪ የስድስት ወር የሙከራ ጊዜ ደንግጎ ነበር። የሙከራ ጊዜ ዓላማው መሥሪያ ቤቱ ሠራተኛውን እንዲፈትን ነው። በተግባር ግን በእነዚያ ወራት ፈታኙ ሠራተኛው ነው። ማን ምን ሠርቶ እንደተመሰገነ፣ ማን ምን ሠርቶ እንደተጠላ፣ ማን ምንም ሳይሠራ በሰላም እንደኖረ አንድ በአንድ ይመለከታል።

እስቲ አንድ ወጣት በሐሳባችን እንከተል። በመጀመሪያው ሳምንት ከጠዋቱ 2፡30 ላይ ሲደርስ የሚያገኘው ጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን ብቻ ነው። ኃላፊው 3፡30 ሲገባ ሁሉም ከእርሱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ይገባል። ወጣቱ ከዚህ የሚማረው የሥራ ሰዓት በአዋጅ ሳይሆን በኃላፊው ጫማ ድምፅ እንደሚቆጠር ነው። በሁለተኛው ወር ተግቶ በአንድ ቀን አሥር ጉዳይ ይጨርሳል። አንድ ነባር ሠራተኛ ሻይ ጋብዞት በወዳጅነት ይመክረዋል፤ «ወንድሜ፣ ምን ያጣድፍሃል? አንተ በቀን አሥር ከጨረስክ አራት የምንጨርሰው ምን እንባላለን?» ይህ ምክር በክፋት የተሰጠ አይደለም። አብሮ ለመኖር የተሰጠ ነው። ጉልበቱም ከዚያ ይመጣል።

ትልቁ ትምህርት ግን በአራተኛው ወር ይመጣል። ወጣቱ በሥልጣኑ ሥር ያለ ጉዳይ መርምሮ ይፈርማል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ኦዲተር መጥቶ አንዲት ማስረጃ ጎድላለች ብሎ ይጠይቀዋል፤ ደብዳቤ ይጻፍበታል። ጎኑ የተቀመጠው ባልደረባው ተመሳሳይ ፋይል ለሁለት ወር መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦት ኖሯል። እርሱን የጠየቀው የለም። ከዚያች ቀን ጀምሮ ወጣቱ የቤቱን ዋና ሕግ አወቀ፤ የፈረመ ይጠየቃል፣ ያልፈረመ አይጠየቅም።

ውድ አንባብያን፣ በብዙ ቢሮዎች የምናየው መጓተት ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። እኛ ስንፍና እንለዋለን። ለሠራተኛው ግን መጠለያ ነው። ጉዳዩን ወደ ኮሚቴ መምራት፣ «ከበላይ ይወሰን» ብሎ መጻፍ፣ አንድ ተጨማሪ ማስረጃ አምጣ ማለት፣ እነዚህ ሁሉ ከፊርማ መሸሻ መንገዶች ናቸው። የዘገየው ባለጉዳይ የሚያጣው ቀን፣ የሚያወጣው የትራንስፖርት ገንዘብ፣ የሚቀርበት የቀን ሥራ በማንም መዝገብ አይሰፍርም። በመዝገብ የማይሰፍር ጥፋት ደግሞ ጠያቂ የለውም።

በስድስት ወሩ የሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ቅጽም ይህን ትምህርት ያጸናዋል። ኃላፊው ከሠራተኞቹ ጋር መኖር አለበትና ብዙ ጊዜ ለሁሉም የተቀራረበ ነጥብ ይሰጣል። የሮጠውና የተቀመጠው እኩል ይሆናሉ። የሮጠው በሚቀጥለው ዓመት ለምን ይሮጣል?

የቢሮ ቋንቋ

የአንድን ቤት ልማድ ለማወቅ የሚነገርበትን ቋንቋ ማዳመጥ በቂ ነው። «ነገ ና»፣ «ስብሰባ ላይ ናቸው»፣ «ሲስተም የለም»፣ «ፋይሉ ጠፍቷል»፣ «የሚመለከተው አካል ይየው»። እነዚህን ቃላት አንድ በአንድ ብንመረምር በአንዱም ውስጥ አድራጊ የለም። ፋይሉ ራሱ ጠፋ እንጂ ማንም አልጣለውም። ሲስተሙ ራሱ የለም እንጂ ማንም ሳይጠግነው አልቀረም። የሚመለከተው አካል ደግሞ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ ያየው ሰው ያለ አይመስለንም። ቋንቋው ሰውን ከተጠያቂነት የሚያስመልጥ በር ሆኗል። አዲሱ ሠራተኛ ይህን ቋንቋ ሲለምድ አብሮ የሚለምደው ማምለጡን ነው።

በዚህ ረገድ እኛ ሙስሊሞች ያመጣናትን አንዲት ቃልም መጥቀስ ይገባናል። አንዳንዱ ወንድም ባለጉዳይን ለማሰናበት ሲፈልግ «ኢንሻአላህ ነገ ይሆናል» ይላል። ይህች ቃል በሱረቱል ከህፍ የተማርናት ነገን ለመሥራት ቁርጥ አሳብ ያለው ሰው ውጤቱን ለጌታው እንዲያስጠጋበት ነው። ላለመሥራት አስቀድሞ የወሰነ ሰው የአላህን ስም መሸፈኛ ሲያደርገው ባለጉዳዩን ከማታለሉም በላይ ቃሏን በሰው ፊት ያረክሳታል። ዛሬ በከተማችን «ኢንሻአላህ አለኝ» ማለት «አይሆንም አለኝ» ማለት እየሆነ መምጣቱ ሊያሳፍረን ይገባል።

ስለ ለውጡ እውነቱን እንናገር

መንግሥታት ይህን ችግር አላዩም ማለት አይቻልም። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ዘጠኝ ሚኒስትሮችን ከሾሙ ወዲህ፣ በ1950ዎቹ የሠራተኛ አስተዳደር በአንድ ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት እንዲመራ ተደርጓል። በ1980ዎቹ መጨረሻ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ፕሮግራም ተጀመረ። የበላይ አመራርን፣ የወጪ ቁጥጥርን፣ የሰው ኃይል አስተዳደርን፣ የአገልግሎት አሰጣጥንና ሥነ ምግባርን የሚመለከቱ አምስት ክፍሎች ነበሩት። በ1993 ዓ.ም. የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን ተቋቋመ። ከዚያም ቢፒአር የተባለው የሥራ ሂደት ለውጥ፣ የውጤት ተኮር ምዘና፣ በ2004 ዓ.ም. የካይዘን ኢንስቲትዩት፣ የለውጥ ሠራዊትና አንድ ለአምስት አደረጃጀት ተከታትለው መጡ። የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅም በ1994፣ በ1999፣ በ2010 እና በ2017 ዓ.ም. እንደገና ወጥቷል።

እነዚህ ሁሉ ከንቱ ነበሩ አንልም፤ ፍትሕ አይሆንም። ቢፒአር በመጣበት ሰሞን ብዙ ቢሮዎች ግድግዳቸውን አፍርሰው ባለጉዳይን በአንድ አዳራሽ ማስተናገድ ጀምረው ነበር። ሳምንታት ይወስድ የነበረ ጉዳይ በቀን ውስጥ ያለቀበት ቦታ ነበር። ቅሬታችን ሌላ ነው። ግድግዳው ፈረሰ፣ ልማዱ ግን ዕቃውን ይዞ ወደ አዲሱ አዳራሽ ተዛወረ። የዜጎች ቻርተር በመስታወት ተከድኖ ተሰቀለ፤ በላዩ ላይ የተጻፈው ሰዓት ግን ባለጉዳዩ እንጂ ሠራተኛው አያነበውም። የአስተያየት መስጫ ሣጥን ተቀመጠ፤ ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ስለ አገልግሎት ጥራት ለመወያየት ስብሰባ ተጠራ፤ በስብሰባው ምክንያት አገልግሎት ቆመ።

ለምን እንዲህ ሆነ? ለውጡ ሠራተኛው የሚሞላውን ቅጽ ለወጠ እንጂ የሚፈራውንና የሚያፍርበትን ነገር አልለወጠም። የፈረመ ይጠየቃል፣ ያልፈረመ አይጠየቅም የሚለው ያልተጻፈ ሕግ ሳይነካ ቀረ። እንዲያውም አዲስ ምዘና በመጣ ቁጥር ሠራተኛው የተማረው አዲስ ቅጽ አሞላል ሆነ። ሪፖርቱ እያማረ ሄደ፤ ሰልፉ ግን እዚያው ነው።

«ደመወዙ አይበቃም» የሚል ወንድም ይኖራል። እውነት አለው። በዚህ የኑሮ ውድነት ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሠራተኛ የሚከፈለው ገንዘብ ወር እንደማያደርሰው እናውቃለን። በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ በተደረገው ማሻሻያ ዝቅተኛው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ወደ 6,000 ብር ከፍ ቢልም የቤት ኪራይና የጤፍ ዋጋ ምን እንደሚመስል ለማንም ነጋሪ አያሻውም። ድህነት ግን ሁሉንም አይገልጽም። ለምን ቢባል፣ ያው ሰው ምንም በማይከፈለው ቦታ ላይ ሌላ ሰው ሆኖ እናገኘዋለንና።

ያው ሰው በእድር ላይ

በቢሮው ፋይል የሚጠፋበት ሰው በሰፈሩ የእድር ጸሐፊ ይሆናል። መዝገቡን ብታዩት የሁለት መቶ አባወራ ወርሃዊ መዋጮ ሳንቲም ሳትጎድል ተመዝግባ ታገኛላችሁ። ሌሊት ሰው ቢሞት ከመኝታው ተነስቶ ድንኳኑን ያስተክላል። ቢሮው አንድ ሰዓት አርፍዶ የሚገባው ሰው የእድር ስብሰባ ላይ አሥር ደቂቃ ቢዘገይ ቅጣቱን ከፍሎ ይቅርታ ጠይቆ ይቀመጣል። ደመወዝ የለውም፣ አበል የለውም። ያው ሰው፣ ያው ኢማን፣ ያው አስተዳደግ ነው። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ሦስት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ በእድር የሚገለገለው ሰው ጸሐፊውን የመረጠው ነው፤ ነገም ሊያወርደው ይችላል። ሁለተኛ፣ ዳኛውም ቢያረፍድ ይቀጣል፤ ሕጉ ከላይ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ በእድር የሚያስጠይቀው ሥራውን አለመሥራት ነው። ድንኳን ያልተተከለ እንደሆነ «የሚመለከተው አካል» የለም፤ ሰውየው በስሙ ተጠርቶ ይጠየቃል። የሚያሳፍረው ነገር ሲለወጥ ሰውየው ተለወጠ ማለት ነው።

ይህ ግን በሰፈር ደረጃ ብቻ የሚሆን አይደለም። በ1938 ዓ.ም. የተቋቋመውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ተመልከቱ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ ሠራተኞቹም በአብዛኛው ከዚሁ ሕዝብ የወጡ ናቸው። አውሮፕላን የሚጠግን ባለሙያ ለሠራው ሥራ በስሙ ይፈርማል። ካልፈረመ ደግሞ አውሮፕላኑ አይነሳም፤ ወዲያው የማን ፊርማ እንደጎደለ ይፈለጋል። እዚያ ቤት ፊርማውን ያስቀረ ሰው መደበቂያ የለውም። ከዚህ የምንረዳው ሕዝባችን የሥራ ልማድ የሌለው ሕዝብ ነው የሚለው አነጋገር ሐሰት መሆኑን ነው። የጎደለው ሰውን በትክክለኛው ነገር የሚጠይቅ ቤት ነው።

ስጦታው ለማን ነው?

ልማድን ከሥሩ እንዴት መንካት እንደሚቻል ከረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) የበለጠ አስተማሪ የለንም። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ኢብኑል ሉትቢያ የተባለ ሰው ዘካ እንዲሰበስብ ተልኮ ነበር። ሲመለስ ያመጣውን ለሁለት ከፍሎ ይህ የእናንተ ነው፣ ይኼኛው ግን ለእኔ በስጦታ የተሰጠኝ ነው አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በዚህ ተቆጥተው ሚንበር ላይ ወጡ። ይህ ሰው በአባቱና በእናቱ ቤት ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ ስጦታው ይመጣለት ነበርን? የሚል ትርጉም ያለውን ጥያቄ በሕዝብ ፊት አነሱ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይሏል። መጀመሪያ፣ ጥያቄዋ ስጦታው የተሰጠው ለሰውየው ሳይሆን ለወንበሩ መሆኑን ግልጽ ታደርጋለች። ዛሬ «የሻይ» የሚባለውን ሁሉ በዚህች መስፈሪያ መስፈር ይቻላል። ሁለተኛ፣ ነገሩን ለብቻው ጠርተው በመገሠጽ አላበቁም። በሚንበር ላይ ሲናገሩም በስም ከመጥራት ይልቅ ለሥራ የምንልከው ሰው በሚል አነጋገር ለሁሉም አደረጉት። ምክንያቱም ዛሬ አንዱ ያደረገው በዝምታ ከታለፈ ነገ ሌላው ይከተለዋል፤ ከነገ ወዲያ ልማድ ይሆናል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብም (ረ.ዐ.) ሹማምንቶቻቸውን ሲልኩ ሀብታቸውን ያስመዘግቡ እንደነበር ታሪክ ይነግረናል። በአገራችንም የሀብት ማሳወቂያና ማስመዝገቢያ አዋጅ በ2002 ዓ.ም. ወጥቷል። አዋጁ መልካም ነው። ሆኖም ወረቀቱ የሚሠራው ጠያቂ ሲኖር ነው።

የየድርሻችን

ይህን ስንል ሰው ለልማዱ ባሪያ ነውና አይጠየቅም ማለታችን አይደለም። በአላህ ፊት እያንዳንዱ ለብቻው ይቆማል፤ «ቤቱ እንዲህ ነበር» የሚለው መልስ እዚያ አያድንም። ልማድን የሚሠሩት ደግሞ ሰዎች ናቸውና ሁላችንም ድርሻ አለን።

የመጀመሪያው ድርሻ የኃላፊው ነው። ከእርሱ የሚጠበቀው ትልቅ ሥልጠና ማዘጋጀት አይደለም። በሰዓቱ ይግባ። በየሳምንቱ መጨረሻ «ምን ፈረማችሁ?» ብሎ ከመጠየቅ አስቀድሞ «ያልፈረማችሁት የቱ ነው? ለምን?» ብሎ ይጠይቅ። በቅን ልቦና ወስኖ የተሳሳተውን ሠራተኛ ካጠፋ ሰው ለይቶ ይቁምለት። አንድ ኃላፊ ይህን ያደረገ ዕለት ሠራተኛው ሁሉ ያየዋል፤ ከአሥር ቀን ሥልጠናም የበለጠ ይማርበታል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው «መሶብ» የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር ማሰባሰቡ ጥሩ ጅምር ነው። ፍሬው የሚለካው ግን በመስኮቱ ውበት አይደለም። ከጀርባው ያለው ጥያቄ ተለውጦ እንደሆነ ነው የሚታየው።

ሁለተኛው ድርሻ የሙስሊሙ ሠራተኛ ነው። የመንግሥት ሠራተኛ በሳምንት 39 ሰዓት ሊሠራ ተዋውሏል። የዓርብ ዕረፍት ከ5፡30 እስከ 7፡30 ሆኖ ከሌላው ቀን መርዘሙ ለጁምዓ ሰጋጅ ትልቅ ምቾት ነው። ከሰላት በኋላ ግን በመስጂዱ ደጅ ጨዋታ ይዞ 9 ሰዓት የሚገባ ወንድም አለ። ደጅ የሚጠብቀው ባለጉዳይ ምን ይላል? «የእስላሙ ጸሐፊ ዓርብ ከሰዓት አይገኝም» ነው የሚለው። በ7፡30 ወንበሩ ላይ የተገኘ ሰው ግን ጁምዓውን አስከብሯል። ሰላት የሥራ መሸሻ ሳይሆን አማናን የሚያስታውስ መሆኑን በተግባር አስተምሯል።

ሦስተኛው ድርሻ የቤተሰብ ነው፤ የእኔና የእናንተ። ጉዳይ ሲኖረን መጀመሪያ የምንጠይቀው «እዚያ ቤት ዘመድ አለን?» ብለን ነው። ሰልፉን አልፈን በጓሮ በር የገባን ዕለት ሰልፍ የሚጠብቅ ሞኝ መሆኑን ለጸሐፊው አስተማርነው። ሳንጠየቅ ሃምሳ ብር ያስጨበጥነው ዕለት ደግሞ ነገ ከሌላው ድሃ እንዲጠብቅ አስለመድነው። በየማድ ቤታችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን እየሳቅን የምንተርተው ተረት ልጆቻችን እየሰሙት ነው። ልጃችን ሥራ በያዘ በዓመቱ ቤት ሲያድስ «ማሻአላህ» ከማለታችን በፊት በደመወዙ መሆኑን ጠይቀን እናውቃለን?

እናቶችና አባቶች ሆይ፣ ልጃችሁ ማታ ከሥራ ሲመለስ «ምን ይዘህ መጣህ?» ማለቱን ትታችሁ «ዛሬ ስንት ሰው ጉዳዩን ጨርሶ ሄደ?» በሉት። ወንበሩ ቀን ሙሉ ሲያስተምረው ይውላል፤ ቤቱም ማታ ማታ የራሱን ትምህርት ይስጠው። መሥሪያ ቤቱ የማይጠይቀውን ጥያቄ የሚጠይቀው አንድ ሰው ቤት እንዳለ ካወቀ መሳቢያውን ሲዘጋ እጁ ይከብደዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) አማናውን ከሚጠብቁ፣ የሰውን ሐቅ በሰዓቱ ከሚያደርሱ ባሮቹ ያድርገን። ወላሁ አዕለም።